በማማው ሥር የተገኘው ባለ ጫማ

አስጎብኚው ከሐይቁ ዳር በቆመው ጥንታዊ የድንጋይ ማማ ሥር ተዘርሮ የተገኘው በማለዳ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል። መርማሪዋ ስትደርስ ታናሽ ወንድሙ፣ ጀልባ ነጂው፣ በካቴና ታስሮ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፈርዶበት ጨርሷል።

«ቆዩማ» አለች መርማሪዋ። ይህን ከማብዛቷ የተነሳ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቆዩማ» ነው የሚሏት።

«ምን ይቆያል!» ብላ ጮኸች የሟቹ ሚስት። «የገዛ ወንድሙ ነው፣ ዋርሳዬ ነው የገደለው! ትናንት ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም።»

«በምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ ወደታሰረው ዞራ።

«በጫማ» አለ ጀልባ ነጂው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ወንድሜ ማማው ላይ የሚወጣ ሁሉ ጫማውን ያውልቅ ይላል፤ የደረጃው ቅርጻ ቅርጽ እንዳይፋቅ። ይሄን ሰምተው ከጀልባዬ ሳይወርዱ የሚመለሱ ጎብኚዎች አሉ። የእንጀራ ገመዴን አትበጥስ አልኩት። በቃ፣ እንደተኳረፍን ቀረን።»

«እሱ ራሱስ ያወልቅ ነበር?»

«እሱማ ቀድሞ ነው የሚያወልቀው!»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ክሩም ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ሶሉ ላይ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ተጣብቋል።

ሬሳውን ያገኘው ፎቶ አንሺ ጠጋ አለ። «ሌላም ነገር አለ። ጉማሬ የተቀረጸባት ድንጋይ ከማማው ግድግዳ ተነቅላለች። ትናንት ነው ያየነው፤ እሱ አብዶ ሲፈልጋት ነበር።»

ከማማው ማዶ ሎጅ የሚያሠራው ሰውዬ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ነው የመጣው። «ከሰገነቴ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ማማው ጫፍ ላይ ተናነቁ፤ ገፈተረው። ሟቹ ለኔ ወንድሜ ማለት ነው። እዚህ ማማ ላይ ስንቴ አብረን ወጥተናል!»

መርማሪዋ አመስግናው ሎጁን ዞር ዞር ብላ አየች። ስትመለስ እጇ በሲሚንቶ ተለውሷል።

«ሁላችሁም ወደ ላይ ተከተሉኝ» አለች።

ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። የሟቹ ሚስት ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ጀልባ ነጂው እጁ ስለታሰረ አንዱን ተረከዝ በሌላው እግሩ እየረገጠ ታግሎ አወጣ። ማንም አላዘዛቸውም። ባለ ሎጁ ግን የሚያብረቀርቅ ጫማውን እንዳደረገ ደረጃውን ጀምሮት ነበር።

«ቆዩማ!»

ባለ ሎጁ ዞሮ የሁሉንም ባዶ እግር አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስንቴ ወጣሁበት ያሉትን ማማ ደንብ አያውቁም» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ ደንብ ሲል ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው ደግሞ ጫማ አድርጎ አይወጣም። ሟቹ ጫማውን እንዳሰረ ነው የተገኘው፤ ስለዚህ ማማው ላይ አልወጣም። ካልወጣ ማን ይገፈትረዋል? ሶሉ ላይ ያለው ሲሚንቶ የእርስዎ አዲስ ግድግዳ ነው። ከዚያው ግድግዳ ጉማሬዋን በእጄ ነቅዬ አወጣኋት፤ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙረው ገንብተውባታል። እሱም አገኛት፤ ሊያወጣት ሲያጎነብስ ከኋላ መቱት። ከዚያ እዚህ አምጥተው ጣሉት፤ የወንድማማቾቹን ጠብ ሰምተዋላ!»

«ለአንዲት ድንጋይ ብሎ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ...» አለና ባለ ሎጁ አፉን ያዘ። ግን ረፍዶበታል።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ጀልባ ነጂው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። የወንድሙ ሚስት ዓይኑን ለማየት አፈረች። ያወለቀውን ጫማ አንስታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

«አድርግ፣ ዋርሳዬ» አለችው። «ወንድምህን ይዘን ቤት እንግባ።»

ጀልባ ነጂው መጀመሪያ ከማማው የድንጋይ ደረጃ ላይ ወረደ። ጫማውን ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው።