የአናጢው ቡፌ

አናጢው በገዛ እጁ በሠራው ቡፌ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ቀኝ እጁ መሮ ጨብጧል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሸሚዙን ዳሰሰች። ጠዋቱ ብርድ ነው፣ ሸሚዙ ግን በላብ ርሷል። የቡፌው ቁልፍ ዙሪያውን ተቧጭሯል።

«አጎቴ ነው የገደለው!» አለች ሴት ልጁ። «ትናንት ከአባዬ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ይታሰርልኝ!»

የሟቹ ወንድም ሰፈሩን በቀልድ የሚያፈርስ ሰው ነው፤ ያን ጠዋት ግን ዓይኑን ከቡፌው ቁልፍ ላይ አልነቀለም። መርማሪዋ ለብቻው አነጋገረችው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በዚህ ቁልፍ። ሚስቱ ብታዘኝ ከገጠምኩት ሰንብቻለሁ። ‹ንቀልልኝ› ብሎ ለመነኝ፤ እሷን ፈርቼ እምቢ አልኩት።»

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የቡፌው መክፈቻ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ስኳር አለበት፤ የኢንሱሊን መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ» አለች። «የደሙን ስኳር ማታ ስለካው ደህና ነው፣ ጠዋት ይሰቀላል። ተነስቶ ማር ይልሳል ብዬ ስኳሩንም ማሩንም ቆለፍኩበት።»

«ከዚያስ ወረደ?»

«ምን ይወርዳል! ትናንት ማታ የመርፌውን መጠን ጨመርኩለት።»

«ሐኪም አማክረው ነው?»

«ምን ብዬ? ባሌ ሌባ ነው ልበል?»

ይህች ሴት ባሏን አልጠላችም። ክፉ እንዳይነካው ስትንሰፈሰፍለት የኖረች ናት፤ አንጀት የሚበላውም ይኸው ነው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ቡፌው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ማንም አልመታውም። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ቁስሉ ለሞት አያበቃም ብሏል። መሮውም ያረፈው ቁልፉ ላይ ነው። የአናጢ እጅ እንዲህ አይቧጭርም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላብና መንቀጥቀጥ ደግሞ ስኳር ሲወርድ የሚመጣ ነው። ጣፋጭ ፍለጋ መጣ፣ አልከፈት አለው፣ ራሱን ስቶ ሲወድቅ የቡፌው ጠርዝ ፈነከተው።»

«ጠዋት ጠዋት የሚሰቀለውስ?» አለች ሴት ልጁ።

«ከገዛ ጉበቱ ነው። ጉበት ከበላነው ላይ ስኳር ያስቀምጣል፤ ሳንበላ ስናድር ቀስ እያለ ይለቃል። ስኳር ያለበት ሰው ጉበት ሊነጋ ሲል ከልኩ በላይ ሊለቅ ይችላል። ቡፌው ተቆልፎም ካልወረደ ሌላ ከየት ይመጣል? መርፌው ሲበዛ ግን ጉበት ያስቀመጠውን ይዞ ይቀራል። ትናንት ማታም አልደረሰለትም።»

ሚስትየው መክፈቻውን ከአንገቷ በጠሰችው።

«አልቀመስኩም ብሎ በልጃችን ምሎልኝ ነበር! ታዲያ ለምን አልቀሰቀሰኝም? አጠገቡ ተኝቼ!»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች።

«‹ዛሬስ ያዝኩህ› እንዳትይው ፈርቶ ይሆናል፣ እማዬ።»