በባዶ ጣት

ሰውየው ላውንደሪው ውስጥ ገብቶ ባንኮኒውን ሁለቴ መታ።

«ግራጫው ኮት ደርሷል?»

«ሽፋን ይቀረዋል» አለች ወናፍ።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው የገምጋሚ ኮሚቴው መታወቂያም ትክክል ይመስላል።

ወናፍ የስለላ ስሟ ነው። ዓመት ሙሉ ግን አንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የአየር ናሙና መዛኝ ሆና ኖራለች። በጭስ ማውጫው ሥር ባለው ሰፈር የተተከሉት መሣሪያዎች አየር እየሳቡ ብናኙን ነጭ ክብ ፊልተር ላይ ያስቀራሉ። በፋብሪካው አለቆች ትእዛዝ የጠቆረው ፊልተር ይጣላል፤ ንጹሕ ይተካል፤ ውጤቱ ለኮሚቴው ይላካል። ኮሚቴው ደግሞ ሰው ሳንባ ውስጥ ምን ያህል ደቃቅ ብናኝ ቢገባ እንደሚፈቀድ ዛሬ ከሰዓት ይወስናል። በሐሰት ውጤት ከወሰነ ያ ሰፈር እንደታፈነ ይኖራል።

ከሚጣሉት መካከል ሦስቱን ደብቃ ለኮሚቴው ሰው ልታስረክብ ዛሬ ላውንደሪው ውስጥ ቆማለች። ክዳን ባላቸው ትንንሽ ሳህኖች አድርጋ ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት።

ሰውየው አንዱን ከፈተ። ፊልተሩን ብድግ አደረገው።

በጣቱ።

ወናፍ ፊቷን አልለወጠችም። ሚዛን ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ከዚያ ይልቅ ፍም ቢያነሳ ይመርጣል፤ የጣት ወዝ ከብናኙ ይከብዳል፣ ልኬቱን ገደል ይከተዋል። «ጃንጥላ» የተባለው እውነተኛው ተቀባይ ፀጉሩ እስኪሸብት ፊልተር የመዘነ የኮሚቴው ሳይንቲስት ነው።

ይሄኛው ጃንጥላ አይደለም።

«ልጠቅልልዎት» አለች፣ ካውያውን ወደ ራሷ እየሳበች።

የሰውየው እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

ቀደመችው።

ካውያው ጉንጩ ላይ ቸስ አለ። ሲያጎነብስ በፀጉሩ ይዛ ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር አጋጨችው። ደገመችው።

«ጃንጥላን የት አደረሳችሁት?»

ሳቀ፤ ጥርሱ ቀልቷል። «ጃንጥላሽን ጠዋት አጠፍነው፣ የኔ እመቤት።»

አንዴ ደገመችው። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

ኪሱ ውስጥ ስልክ ነዘረ። አነሳችው፤ ዝም አለች።

«ጨረስክ?» አለ የደዋዩ ድምፅ። «ልጅቷን እንዳታሰቃያት። ቶሎ ይሁን።»

ጋሼ ነው።

የስለላ ሥራውን ያስተማራት አለቃዋ። እናቷ ስትሞት ሬሳ ሳጥኑን በትከሻው የተሸከመላት ሰው።

የኋላው በር ተከፈተና ጋሼ ገባ። ስልኩን ገና ከጆሮው አላወረደም፤ በሌላ እጁ ሽጉጥ ይዟል።

«ዝምታሽን አውቀዋለሁ» አለ። «እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ፋብሪካው ከፍሎኛል። በስተርጅና የሰው ደጅ ልጥና? አቧራ ነውኮ፣ ልጄ! ለአቧራ ሰው ይሞታል?»

«ይሞታል። መዝኜዋለሁ።»

ተኮሰ። ጥይቱ ትከሻዋን ጭሮ አለፈ። ልብስ የተሰቀለበትን ብረት ነቅላ ላዩ ላይ ጣለችው። ሽጉጡ ከኮቶቹ ሥር ገባ፤ እሱ ግን አልወደቀም። ቀኝ እጇን ጠምዝዞ የልብስ መተኮሻው ማሽን ውስጥ ከተተና ክዳኑን በሙሉ ክብደቱ ተጫነው።

የጮኸችው ራሷ መሆኗን ዘግይታ አወቀች።

በግራ እጇ የልብስ መሸፈኛ ፕላስቲክ አገኘች። ራሱ ላይ አጠለቀችው። አንገቱ ጋ ጠመዘዘችው። ፕላስቲኩ ወደ አፉ ተሳበ፤ ተነፋ፤ ተሳበ። ከውስጥ «ልጄ» የሚል ከንፈር አየች።

አልለቀቀችውም።

ክዳኑን ለቆ ሲዘረጋ አብራው ወደቀች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ተነሳች።

አንደኛው ፊልተር ተበላሽቷል። ሁለቱ ደህና ናቸው። አንድ ኮት መርጣ ሳህኖቹን ኪሱ ውስጥ አስቀመጠች፤ ኮቱን የተቃጠለ እጇ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ተሻግራ ኮሚቴው ወደተሰበሰበበት አዳራሽ ሄደች።

«ወዴት ነው፣ እህት?» አላት የአዳራሹ ጥበቃ።

«ከላውንደሪው ነኝ። የሰብሳቢዋ ኮት ነው፤ ካልደረሰ ከሥራ እባረራለሁ።»

«ግቢ፣ ግቢ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ አቧራ ያወራሉ። ቤታቸው መጥረጊያ የለም እንዴ?»

ሰብሳቢዋ ሸበቶ ሴት ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«እኔ ኮት አላሳጠብኩም፣ ልጄ።»

«ኪሱን ይዩት፣ እትዬ። ፋብሪካው የላከላችሁ የተቀየረውን ነው። እውነተኛው ይኸው። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ አለ። ሊያመጡልዎት የነበሩት ባልደረባዎ... ተገድለዋል።»

ሰብሳቢዋ ክዳኑን ከፈቱ። ጥቀርሻ የመሰለውን ክብ አዩ። በጣታቸው ግን አልነኩትም።

«ድምፅ መስጠቱ ይቁም!» ብለው ወደ አዳራሹ ጮኹ። «ሚዛን ክፍሉን ክፈቱልኝ!»

ዘወር ሲሉ ኮት ያመጣችው ልጅ የለችም።

ከሳምንት በኋላ፣ በሌላ ከተማ ክሊኒክ፣ ነርሷ የወናፍን ፋሻ ፈታች።

«ምን አቃጠለሽ?»

«ካውያ።»

«ካውያ ከላይም ከታችም ይተኩሳል እንዴ?» ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነዚህ ሁለት ጣቶች እንደ ድሮው አይሆኑልሽም፣ እህቴ። ሥራሽ ምን ነበር?»

«እጅ የሚፈልግ።»

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ዜና ያነባል። የደቃቅ ብናኝ ገደብ መጀመሪያ ከታሰበው በግማሽ ዝቅ ብሎ ጸድቋል። ናሙናዎቹን ማን እንዳቀረበ ኮሚቴው አያውቅም።

«ኧረ ቻናሉን ቀይሩልን!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከወረፋው። «ኳስ ጀምሯልኮ!»

ነርሷ ቀየረችላቸው። ካርድ ልታመጣ ወጣች።

ስትመለስ ወናፍ የለችም፤ ወንበሩ ላይ ሌላ በሽተኛ ተቀምጧል።