ፊት የሚዞርባት ቦታ

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አንጋፋው ሚስቱን ይደበድባት ነበር» አለ ዜና።

በዚህ ሳምንት ይህን ያለው ስንት ጊዜ እንደሆነ ፉጨት የሚሏት ልጅ መቁጠር ትታለች። ሰኞ ዕለት ጥፊ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ጥፊው ጡጫ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ሴትየዋ ከደረጃ ላይ ተወርውራለች። ወሬ እሱ አፍ ከገባ እንደ ሊጥ ኩፍ ማለቱ አይቀርም፤ ዜና የሚለው ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰው ሁሉ ስም የለውም?»

«ኧረ እኔን ተዪኝ፣ እኔ ኪቦርድ መቺ ነኝ» አለና የዘፈኑን መግቢያ መታ።

የሙዚቃ ክበቡ የሚለማመደው የተሰበሩ ዴስኮች በተቆለሉበት ክፍል ነው። ፉጨት ከዴስኮቹ ፊት ማይኩን ጨብጣ ቆማለች። አፍ ሳትፈታ ማፏጨት ጀመረች ስለሚባል በስሟ የሚጠራት የለም። ቅዳሜ የከተማው የወጣቶች ባንድ ከትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ ድምፃዊ ይመርጣል። አንድ ብቻ። እሷም ለዚያ ቀን ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው የአንጋፋውን ዘፈን ነው። «አንጋፋው» ሲባል የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሞተ ወዲህማ ሱቁም፣ ታክሲውም፣ ፀጉር ቤቱም እሱን ብቻ ሆኗል የሚያሰማው።

ዘፈኑ ሄዳ የቀረችበትን ሴት ተመለሺ እያለ የሚለምን ሰው እንጉርጉሮ ነው። «በሬን ክፍት ትቼ ነው የማድር» ይልና ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ቃሉ ይቆማል። ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከፍ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ከሩቅ የሚጣራ ሰው ይመስላል። ሲቀዳ እንባው ስለመጣበት ፊቱን ከማይኩ አዞረ፣ ድምፁ የራቀው ለዚያ ነው ይባላል። ስለዚህ ዘፈኑን የሚዘፍን ሁሉ እዚያች ቦታ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። የሠርግ ዘፋኝ ያዞራል። ገላውን እየታጠበ የሚያንጎራጉርም ያዞራል።

«አንገትሽን ቀስ አድርገሽ» አሉ የክበቡ መምህር። «እንባውን ሊደብቅ ነው የዞረው እንጂ ሰው ጠርቶት አይደለም።»

«ቲቸር፣ ዜና የሚለው እውነት ነው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «የሰውየውን ጓዳ ተዪና ዘፈኑን ያዢ። ንብ ትናደፋለች ብለሽ ማር ትተያለሽ?»

«ንብ የምትናደፈው ማሯን ሲወስዱባት ነው። ሴትየዋ ምን ወሰደችበት?»

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ከመጀመሪያው» አሉ።

ፉጨት ቤት ስትገባ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታ ከዘፈኑ እንከን ልታገኝ ሞከረች። ይኼ ጋ ተጎትቷል፣ ይኼ ጋ ጥሩንባው በዝቷል እያለች ሄደች፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ የክንዷ ፀጉር ቆመ። በገዛ ክንዷ ተናደደች። ማጫወቻውን ዘግታ ደብተር ገለጠች፣ ደብተሩን ዘግታ ማጫወቻውን ከፈተች።

አክስቷ ከሥራ ተመልሳ እግሯን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። ፉጨትን ያሳደገቻት እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ትውላለች፤ በወጣትነቷ ግን የአንጋፋው ባንድ ዘፈን ተቀባይ ነበረች። ስለዚያ ዘመን አታወራም። ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ እስኪያልቅ ዝም ትላለች፣ ሲያልቅ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

«አክስቴ፣ አንጋፋው ሚስቱን ይመታት ነበር?»

አክስቷ እግሯን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰች። «ከደረጃ ወረወራት የሚባለው ውሸት ነው። ቤታቸው ደረጃ አልነበረውም።»

ፉጨት እፎይ ልትል ነበር።

«መምታቱን ግን ይመታት ነበር» አለች አክስቷ። «እሷም ከእኛው ጋር ተቀባይ ነበረች። አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ ልምምድ መጣች። በር ገጨኝ አለች። እኛም በር ገጫት አልን። ያ በር ስንቴ እንደገጫት።»

«እናንተስ ምን አደረጋችሁ?»

«ዘፈንን።»

ፉጨት ከማንቆርቆሪያው ሙቅ ውሃ ጨመረችላት።

«ታዲያ ዘፈኑ መጥፎ ነው?» አለች ፉጨት።

«ጆሮ የለሽም እንዴ? ጥሩ ነው። ልጠላው ስንት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።»

«ልዝፈነው ወይስ ልተወው?»

«እኔ ዘፍኜው አንቺን ልከልክል? ጉሮሮው ያንቺ ነው። ፎጣ አቀብዪኝ።»

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዘፈኑ በውስጧ ይሄድ ነበር። «በሬን ክፍት ትቼ» ሲል አንገቷ በራሱ ዞረ፤ አንድ ባለብስክሌት ለጥቂት ሳታት። «ዓይንሽን ቤት ረስተሽዋል?» ብሏት አለፈ። እሷ ግን ልቧ ሌላ ጋ ነበር። ቃሉን መዝፈን ትችላለች፤ ቃል የሁሉም ነው። የከበዳት ያቺ ቦታ ናት። የሰው ከንፈር አሳብጦ መጥቶ ማይክ ፊት አምሮበት የሚያለቅስ ሰው እየታያት አንገቷን ለማን ብላ ታዞራለች? ሌላ ዘፈን እንዳትይዝ ደግሞ ቀን የለም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከእሷ በፊት የዘፈነው የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ የመረጠው ያንኑ ዘፈን ነው። ያቺ ቦታ ስትደርስ ፊቱን እስከ ትከሻው አዞረ፤ ድምፁ ትንሽ ቢሰነጠቅም አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ ፉጨት ወጣች። ከኋላ ወንበር አክስቷ የሥራ ሽርጧን እንዳደረገች ተቀምጣለች። ዜና መግቢያውን መታ። ፉጨት እንደ ዛሬ ዘፍና አታውቅም፤ ራሷም ታውቆታል። «በሬን ክፍት ትቼ ነው የማድር» አለች።

አፏን ገጠመች። አንገቷን አላዞረችም። ሰዉን ፊት ለፊት እያየች ዝም አለች። ኪቦርዱ ብቻውን ሄደ፤ ዜና ዓይኑን አፍጥጦ አገጩን ወደ ማይኩ ይወዘውዛል። «ረሳችው» አለ አንድ ሰው፣ ሌላው ሳቀ። ቦታዋ ስታልፍ የመጨረሻውን ስንኝ በጊዜው አነሳችና ጨረሰች።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው» አሉ ከዳኞቹ አንዷ። «ከፍታውን ግን ፈራሽው።»

ፉጨት እጅ ነስታ ወረደች። ባንዱ የወሰደው ፊቱን ያዞረውን ልጅ ነው።

«ምን ነካሽ?» አለ ዜና በር ላይ ይዟት። «ከፍታውን በእንቅልፍ ልብሽም ትወጪዋለሽ እኮ።»

«የሱን ለቅሶ አላለቅስለትም። ራሱ ያልቅስ።»

«ሰውየው ሞቷል!»

«እንግዲያው ጊዜ አለው» ብላው ሄደች።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ከአክስቷ ጋር ጎን ለጎን ቆሙ። አክስቷ ሽርጧን አውልቃ ታጥፋለች፤ ትዘረጋዋለች፤ ደግማ ታጥፋለች።

«ያቺን ቦታ ለምን ተውሻት?»

«የሱ ስለሆነች።»

የአክስቷ እጅ ሽርጡ ላይ ቆመ። «ማን አለሽ የሱ ናት?»

ፉጨት ዞር ብላ አየቻት።

«ዘፈኑ የተቀዳ ቀን ጉሮሮው ተዘግቶ ከፍታው አልወጣ አለው። ያኔ ለሁላችንም አንድ ማይክ ነው። ድምፁ ቀጭን የሆነ ይጠጋል፣ የሚያይል ይርቃል። እኔ መሃል ነበርኩ። ሚስቱ ከሁላችንም ታይል ስለነበር ያቆሟት እዚያ በሩ ጋ ነው። ያቺን ድምፅ ያወጣችው እሷ ናት።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሰው ገባ። እነሱ አልገቡም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ ጡጫው ነው። ስለ ድምፁ አልጠየቅሽኝም።»

አውቶቡሱ ሄደ።

«እሱስ ፊቱን ያዞረው?»

«ማን አዞረ?» አለች አክስቷ። «ቃሉን ጨርሶ ውሃ ይጠጣ ነበር።»