ስድስተኛው ጥያቄ

ረይሀና እንድሪስ ፒያሳ ካለ አሮጌ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ወድቃ፣ ግቢው ድንጋይ ላይ ሞታ የተገኘችው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኢንስፔክተር ዐፊፋ ስትደርስ አስከሬኑ ነጠላ ለብሷል፤ ሰፈሩ ደግሞ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «ራሷን ጣለች» ይላል አንዱ። «የእብድ ሐኪም መጨረሻዋ ይኸው ነው» ይላል ሌላው። አራዳ ለወሬ ሰንፎ አያውቅም።

ረይሀና የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንጂ የእብድ ሐኪም አልነበረችም። ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ ከፒያሳ ተነስተው ሌላ ሰፈር የገቡ ነጋዴዎችን የመንፈስ ሁኔታ ታጠና ነበር። ቡድኑ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ የተደበቀ ነገር የለም። መጠይቁም፣ የሰዎቹ መልስም፣ የተሠራው ስህተት እንኳ ሳይቀር፣ የተጠያቂዎቹ ስም ብቻ እየተሰረዘ በጋራ ማህደር ይቀመጣል። ጥናቱ ሲያልቅ ማህደሩ ለማንም ክፍት ይሆናል። የሚከፈተውም በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ደረጃው ሥር አንድ ሽማግሌ ዐፊፋን ጠበቋት። የሟች አባት ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ አርባ ዓመት ፒያሳ ጨርቅ የሸጡ የወሎ ሰው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሏት። «ራሷን ገድላ ከሆነ ቀብሯ ላይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሊቆም ነው። ስሟም እንደ ጎደፈ ሊቀር ነው። ሐቁን ሳላውቅ አፈር አላለብሳትም።»

«ከመቅበርዎ በፊት ያውቃሉ፣ ሐጂ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጨነቃት። በሃያ ዓመት ሥራዋ ለሟች ቤተሰብ ቃል ገብታ አታውቅም።

ላይ ስትወጣ የረይሀና ኮምፒውተር በርቷል። «ድብርት አሸነፈኝ። ይቅር በሉኝ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ትሪ አለ፤ በትሪው ላይ ሁለት የስኒ ማስቀመጫና አንድ ስኒ። ዐፊፋ ወደ ሰገነቱ ወጥታ የእንጨቱን መከላከያ ለካች። ረይሀና አጭር ሴት ነበረች፤ መከላከያው ደረቷ ድረስ ይመጣል።

የታችኛው ካፌ አስተናጋጅ እያለቀሰች መለሰችላት። «ሁለት ማኪያቶ ነው ያወጣሁት። ነጣ ያለው የእሷ ነው፤ ጠቆር ያለው ለእንግዳ። በር ላይ ተቀበለችኝ፤ እንግዳውን አላየሁትም።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሁለት ከሩብ ቢሆን ነው።»

ሊሞት የተነሳ ሰው ለእንግዳ ማኪያቶ አያዝም። እንግዳም ስኒ ይዞ አይጠፋም።

ዐፊፋ ሦስቱን ባልደረቦች ለየብቻ አስጠራች። መጀመሪያ የገባው የቡድኑ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ፋሩቅ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ስድስት ኪሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት።»

«ማኪያቶ ልዘዝልህ?»

«ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ሰኞ ሰኞ ፊቴ ውኃ እንኳ አትጠጣም ነበር።»

ቀጥላ ሚስጥር ገባች። ወጣት ናት፤ ዓመታት በድብርት ታማ ታክማለች። ረይሀና «ያመመውን ሰው ያላማከረ ጥናት ጎዶሎ ነው» ብላ የቡድኑ ሙሉ ተመራማሪ አድርጋታለች።

«ቤቴ ተኝቼ ነበር» አለች። «መድኃኒቱ ጠዋት ይጫነኛል። ምስክር የለኝም።»

«ቡናስ?»

«ሐኪም ከልክሎኛል። ሁለት ዓመቴ።»

ስትወጣ የዐፊፋ ረዳት ሳጅን ካሕሳይ ጠጋ አላት። «ይቺ ልጅ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረች እኮ፣ ኢንስፔክተር። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«ስኒውን ፈልግ» አለችው ቆጣ ብላ።

በመጨረሻ ፍቅሬ ገባ። የቃለ መጠይቁ ኃላፊ ነው፤ ሸበቶ፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ በሙያው የተከበረ።

«እሪ በከንቱ ሰፈር ነበርኩ» አለ። «ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት አንዲት ነጋዴ ስጠይቅ። ስሟን ግን አልነግርዎትም፤ የጥናቱ ሕግ ነው።»

«ሕግ ማክበር ጥሩ ነው። ቡና ይወዳሉ?»

«ሱሴ ነው» አለና ፈገግ አለ።

ዐፊፋ ምስክር በሌለው ቃል አልተደሰተችም። ቁጭ ብላ የጋራ ማህደሩን ማንበብ ጀመረች። የፍቅሬ ፋይሎች ጋ ስትደርስ ንባቧን ቀስ አደረገች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ ረይሀና በጥር ወር የጻፈችውን ማስታወሻ አገኘች፤ እሱንም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱም ረይሀና ክፍል ተሰበሰቡ። ሐጂ እንድሪስም ጥግ ላይ ተቀመጡ።

«ቤቴን ለቅቄ የሄድኩ ነጋዴ ነኝ እንበል» አለች ዐፊፋ። «የመጠይቁን ስድስተኛ ጥያቄ ጠይቁኝ። በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ ጋሽ ፍቅሬ ይጀምሩ።»

ፍቅሬ ወረቀት አልፈለገም። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድብርት ተሰምቶዎት ያውቃል?»

ሚስጥር ቀና ብላ አየችው። ፋሩቅ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«አንቺስ፣ ሚስጥር?»

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድዎን ባር ባር ብሎዎት ያውቃል?»

«ፋሩቅ?»

«ያው ነው። ሆድዎን ባር ባር ነው የሚለው።»

ዐፊፋ የጥር ወሩን ማስታወሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «‹ድብርት የሚለውን ቃል አውጥቻለሁ። የፒያሳ ልጅ ፊልም ሲሰለቸውም ደበረኝ ይላል። ሚስጥር ያመጣችው ባር ባር ይሻላል፤ ሰው ሲሰማው ያለቅሳል።› ይህ ከተጻፈ አራት ወር አለፈው፣ ጋሽ ፍቅሬ።»

«የድሮው ለምዶብኝ ነው። አፌን አዳለጠው።»

«ከጥር ወዲህ አርባ አንድ ሰው ጠይቄያለሁ ብለው አስገብተዋል። ዛሬ ጠዋትም ጠይቄ ነበር ብለውኛል። አዲሱን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ይዞ የወጣ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል። የእርስዎ አርባ አንድ ተጠያቂዎች በሙሉ ‹ድብርት› ብለው መልሰዋል፤ ባር ባር ያለው አንድም የለም። ሰዎቹ የሉም። መልሱን ተቀምጠው የጻፉት እርስዎ ነዎት። የእሪ በከንቱዋም ነጋዴ አርባ ሁለተኛዋ ናት።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

«ረይሀና ይህን አየች» አለች ዐፊፋ። «ማህደሩ ዛሬ ሲከፈት ሌላውም ሰው ሊያየው ነው። በሰው ፊት ላታዋርድዎ ብላ ለብቻዎ ጠራችዎት፤ ማኪያቶዎንም እንደሚወዱት ጠቆር አድርጋ አዘዘችልዎ። ፋሩቅ ይጾማል፤ ሚስጥር ቡና አትቀምስም። ከዚህ ቡድን ያንን ስኒ የሚጠጣ እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ በእሷ ኮምፒውተር መሰናበቻ ጻፉ። እሷ ግን ‹ድብርት›ን በገዛ እጇ የሰረዘች ሴት ናት፤ በሞቷ ጊዜ አታነሳውም። ቃሉ መሰረዙን የማያውቅ እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሳጅን ካሕሳይ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ስኒ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ከሰገነቱ ተወርውሮ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው ያገኘነው» አለ። «አሻራ አለበት።»

ፍቅሬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳት። ሃያ ዓመት የሠራሁት ስሜ ነው አልኳት። እንቢ አለች… ክንዷን ስይዛት ነው የወደቀችው።»

«መከላከያው ደረቷ ድረስ ነው» አለች ዐፊፋ። «አንስቶ ያሻገራት ሰው ከሌለ አትወድቅም።»

ፍቅሬን ይዘው ሲወጡ ሚስጥር ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዐፊፋ ወደ ሽማግሌው ሄዳ አጠገባቸው በርከክ አለች።

«ራሷን አልገደለችም፣ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ወዲያውም አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ከጠዋት ጀምሮ ምን ብዬ ዱዓ እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ‹ያ ረቢ፣ ሰው ገድሏት ይሁን› ስል ነበር። በልጄ ላይ! ይኸው ሰማኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚለምን ምን ዓይነት አባት ነው?»

ዐፊፋ እጃቸውን ይዛ፣ ሰዎች ለቀብር እስኪጠሯቸው ድረስ ወለሉ ላይ አብራቸው ተቀመጠች።