ከአንድ ጠርሙስ የወጣ ፎርማሊን

ፕሮፌሰር ኢርምጋርት ፎስለር በጎቲንገኑ ላቦራቶሪዋ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች። መደርደሪያው ሥር የተደበቀው ደረቅ በረዶ፣ ማለትም በረዶ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በጋዙ አፍኗታል። ጥፍሮቿ በሩ ላይ ተሰባብረዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ያለቀሰላት አልነበረም።

የበሩ ኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ ሁሉን መዝግቧል፦ ስምንት ከአምስት ገባች፤ እስከ ስምንት ከአሥራ ሰባት እጀታውን ከውስጥ ገፋች። ከውጭ በሩን ደግፎ የቆመ ሰው ነበር ማለት ነው።

በዚያ ሰዓት ፎቁ ላይ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ቴክኒሻኗን አነሌነን ሟቿ ጠዋት በሰው ፊት «ዕቃ አጣቢ» ብላ አዋርዳታለች። የዶክተር ቲሎ ብራንዲስን የስድስት ዓመት ግኝት ደግሞ «ውሸት ነው፤ ሰኞ አሰርዘዋለሁ» ብላ ነበር።

«የት ነበሩ ዶክተር?» አለች የፖሊስ ኮሚሳር ሄድቪግ ሎሴ።

«ሥራዬ ላይ ነዋ! ናሙናዬ ፎርማሊን ውስጥ ነበር፤ ልክ በአሥር ደቂቃ አስቆምኩት። ይልቅ ያቺን አጣቢ ይጠይቋት።»

አነሌነ ወደ ሎሴ ዞረች። «እኔም ናሙና ላይ ነበርኩ። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ስለሚበላሽ ሁለታችንም ከአንዱ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ፣ ስምንት ከአራት ላይ ጨመርን።»

«ፎርማሊኑ ምን ያደርጋል?» አለች ሎሴ።

«ፕሮቲኑን ዲኤንኤው ላይ በያዘበት ቦታ ያጣብቀዋል። ከዚያ በድምፅ ሞገድ እንሰባብረዋለን፤ በአሥር ደቂቃ ማስቆሚያ ኬሚካል ካልተጨመረበት ግን ሁሉም ተጋግሮ አይሰበርም።»

ሎሴ ሁለቱንም ናሙናዎች በሌላ ላቦራቶሪ አስመረመረች።

በማግሥቱ ሠራተኛው ሁሉ ሻይ ክፍል ተሰበሰበ።

«ፎርማሊኑ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ» አለች ሎሴ። «ስምንት ከአሥራ አራት ላይ ሁለቱም መቆም ነበረባቸው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሯ ገና በሩን እየገፋች ነበር፤ በሩን የያዘው ሰው ናሙናውን ማስቆም አይችልም። የአነሌነ በደንብ ተሰባበረ፤ በሰዓቱ ቆሟል። ያንተ ግን ቲሎ፣ አንድ ሰዓት የቆየ ድንጋይ ነው። መለያው ላይ ‹አሥር ደቂቃ› ብለህ የጻፍከው ግን በገዛ እጅህ ነው።»

ቲሎ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለች ሎሴ። «ስምንት ከአሥራ ሰባት ላይ ፕሮፌሰሯ ጸጥ ብላለች። ያኔውኑ ብትመለስ የሚያልፈው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ናሙናህ እንዲህ ድንጋይ አይሆንም ነበር። ቀሪውን ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አፏ ተዘግቶ አያውቅም» አለ ቲሎ፤ ፈገግም አለ። «ትንሽ ዝምታዋን ላጣጥም ብዬ ነው።»

ግኝቱ ሰኞ ዕለት ተሰረዘ።