የቦራ ጠፍር

ወንበሩ የለም።

እሑድ ሸማኔው ይሄይስና ሚስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ድሩ ከነውጥሩ አለ፤ አዲሱ ጋቢ አለ። ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ባለ መደገፊያው ወንበር ብቻ ተነሥቷል። ጋቢ ትቶ ወንበር የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ይሄይስ ማንኩሳ አጠገብ ማሳው ላይ የጣሊያን ቦምብ በወደቀበት ዕለት ቆስሎ ቀኝ እግሩን ካጣ ወዲህ ያለ መደገፊያ መሸመን አይችልም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። የጣሊያን ምሽግ አስተርጓሚ «ለወታደሮቻችን ብቻ ሸምን፤ ወንበሩን እኛ እናሠራልሃለን» ብሎት ነበር። እምቢ አለ። አብረውት ማኅበር የሚጠጡ ስድስት ሸማኔዎች ይህን ሲሰሙ ተመካከሩ። አናጢው የጉልበቱን ዋጋ በጋቢ ሊቀበል ተስማማ፤ እነሱ ደግሞ ለመቀመጫው ከየቤታቸው አንዳንድ ጠፍር አወጡ። ጠጉሩ ያልተላገ የከብት ቆዳ፣ ጥቁሩም ቀዩም ዳለቻውም አንድ ላይ ተጠላልፎ ወንበር ሆነ።

ነገሩን እንዲያወጡ የተጠሩት አያ ክንዱ ናቸው፤ ጣሊያን ሳይገባ የአገሩ ጭቃ ሹም የነበሩ።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«አስተርጓሚውን።»

«እሱ ከዓርብ ጀምሮ ቡሬ ነው። ሌላስ?»

የይሄይስ ሚስት ደስታነሽ መለሰች።

«አብዳለች ይበሉኝ እንጂ አያ ክንዱ፣ ያ ወንበር ደግ አልነበረም። ከተቀመጠበት ወዲህ በእንቅልፉ ቦራን ይጠራል። በቦምቡ ዕለት የጠፋውን በሬያችንን።»

«እጄ ወንበሩ ላይ ያገኘዋል» አለ ይሄይስ። «ቦራ ሲታመም ታፋውን በማጭድ ተኩሼው ነበር፤ በመስቀል ምልክት። ቀዩ ጠፍር ላይ ጠጉር የማይበቅልበት ጠባሳ አለ። ቅዳሜ ለማኅበሩ ብነግራቸው ሳቁብኝ።»

«ሁሉም?»

«እንጃ። ዓይኔን ጨፍኜ እየዳሰስሁ ነበር።»

አያ ክንዱ ወጥተው የትኛውን ጠፍር ማን እንዳወጣ አናጢውን ጠየቁት።

ሰኞ ስድስቱን ሰበሰቡ። ስለ ሌባ ቃል አልተነፈሱም።

«ሌላ ወንበር እናሠራለት። እያንዳንዳችሁ ከዚያው ቆዳ አምጡ።»

አምስቱ ያንኑ አመጡ። ስድስተኛው ተስፋው ግን ያመጣው ጥቁር ነው።

«ያንተ ቀይ ነበር።»

«አልቋል አያ።»

«አልጋህ በምን ተጠፍሯል?»

ይሄይስን ደግፈው ተስፋው ቤት ሄዱና ቁርበቱን ከአልጋው ላይ ገለጡት። ቀይ ጠፍር፤ አንዱ ላይ የመስቀሉ ግማሽ አለ። ወንበሩ አልጋው ሥር ተጋድሟል፤ የመስቀሉን ሌላ ግማሽ የያዘው ጠፍር ከመቀመጫው ተቆርጦ ወጥቷል።

«ታዲያ ለምን ሰጠህ?»

«ሁሉም ሲሰጥ እኔ ምን ልበል? ሌላ ቆዳ አልነበረኝም። ጠባሳውን አላስተዋልሁትም።»

«ለአንድ በሬ ብለህ ወንበሩን ወሰድህ!» አሉ አያ ክንዱ።

«በሬውንስ እከፍል ነበር» አለ ተስፋው። ይሄይስን ማየት አልቻለም። «ቦምቡ የወደቀ ዕለት ማሳው ላይ ወድቀህ አገኘሁህ። ዓይንህ አፈር ሞልቶት ነበር። ኮቴዬን ሰምተህ ‹ማነው?› አልኸኝ። ዝም ብዬ በሬውን ፈታሁ።»

ይሄይስ እዚያ ማሳ ላይ ሦስት ቀን ተኝቷል። እግሩን የጨረሰው ቦምቡ ሳይሆን ያ ሦስት ቀን ነው። ማንም አልሰማኝም ብሎ ማንንም ሳይቀየም ኖሯል።

ወንበሩን አውጥተው አስቀመጡለት። ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነና ጠፍሩ የወጣበትን ክፍተት በጣቱ ዳሰሰ።

«ማነው?» አለ።

ኮቴ ወደ እሱ ቀረበ።

«እኔ ነኝ» አለ ተስፋው። «ተስፋው ነኝ።»