ንጹህ የጨፋ ቅቤ

«እማ፣ ይኼ የሚረጋው ዘይት አይደለም እንዴ?»

ዘሊካ ማርከሯን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆመች። እናቷ ዘምዘም ቅቤውን ከዘይቱ ጋር ትለውሳለች።

«ላሞቹ ነጠፉ፤ ምን ላድርግ? ደብተርሽስ በምን ይገዛል? አብሽሪ፣ ማንም አይሞትበትም። ይልቅ ወረቀትሽን ጻፊ፣ ገበያው ሊሞቅ ነው።»

የወረቀቱ ሐሳብ የዘሊካ ነበር። የቢዝነስ መምህሯ «ምርት ማለት ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ማሸጊያውም፣ ስሙም፣ ገዢው አምኖ የሚያነበው ጽሑፍም ምርት ነው» ባሉ ማግስት በአካባቢያቸው ስም «ንጹህ የጨፋ ቅቤ» ብላ ጽፋ ጣሳዎቹ ላይ ለጠፈች። የከሚሴ ሰው ወደደላት። ጓደኛዋ ሳዲያማ «ፋብሪካ ከፈትሽ እንዴ፣ አንቺ?» እያለች ስታበሽቃት ከረመች።

«ሰው ቢጠይቅሽስ?» አለች ዘሊካ።

«ማን ይጠይቀኛል? ‹ወላሂ በይ› የሚሉኝ ድሮ ነው። በውሸት ምዬ አላውቅም፣ አላህ ያውቃል። አሁን ወረቀቱን አይተው ይወስዳሉ። እኔ በአፌ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም!»

ዘሊካ ቀለም የነካቸውን ጣቶቿን አየች። እናቷ ካልተናገረች፣ የተናገረው ማን ነው? ቢሆንም ጻፈች። እጇ እየከበዳት ለሁሉም ጣሳ ጻፈች።

ገበያ ላይ ቀድመው የደረሱት ጎረቤታቸው እትዬ ዓፊያ ነበሩ።

«አከም ቡልቴ፣ ዘምዘም! ልጄ ትናንት በሰላም ተገላገለችልኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ለገንፎዋ ቅቤ ስጪኝ።»

አንዱን ጣሳ አንስተው ሊያሸቱ ክዳኑን ከፈት አደረጉ። ጽሑፉን ሲያዩ ግን መልሰው ገጠሙት። «ምን አስሸተተኝ፣ የዘሊካ ጽሑፍ እያለልኝ!»

ዘምዘም አቀርቅራ ፌስታል መፈለግ ጀመረች። ፌስታሉ ጉልበቷ ሥር ነበር።

ዘሊካ የነጠፉትን ላሞች አሰበች። ያላለቀውን የትምህርት ዓመት አሰበች። ከዚያ ጣሳውን ከእትዬ ዓፊያ እጅ ቀስ ብላ ተቀበለችና የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሯ አንስታ ላጠችው።

«ምነው ልጄ?»

ክዳኑን ከፈተች።

«አሁን ያሽትቱት፣ እትዬ» አለች፣ እናቷን ሳታይ።